አብሮን የኖረ እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ፤ ሽኝት ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ እንግዳ የለመደች ከተማ ናት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1952 የእርሻ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ለማስተማር ከአሜሪካ፣ ከኦክላሆማ ድረስ ሰው መጥቶ ነበር። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሐኪም፣ ስንት መምህር፣ ስንት የውሃ ባለሙያ መጥቶ፣ ከርሞ፣ ሄዷል። ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ ስምንት ዓመት የቆየም አለ።

እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሥራዬ ከውጭ ከሚመጡ የጤና ባለሙያዎች ጋር ስለሆነ ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ። አምሮብን የሸኘናቸው አሉ። እንደነገሩ የሸኘናቸውም አሉ፤ እነሱ እስከ ዛሬ ይቆረቁሩኛል። የሚሄደው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው አያጣም። ለእኛ ለሸኚዎቹ ግን የሚነግረን የለም።

ስንብቱን ለመጨረሻዋ ማታ ማቆየት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የሚሄድ ሰው የመጨረሻ ሳምንቱ የራሱ አይደለም። ክሊራንስ ያስጨርሳል፣ የባንክ ሂሳቡን ይዘጋል፣ የተከራየውን ቤት ያስረክባል፣ ሪፖርት ይጽፋል። እኛ ደግሞ ልክ በዚያው ሳምንት፣ ያውም በመጨረሻዋ ማታ፣ አዳራሽ ይዘን አርባ ሰው እንጠራለን። የሀገር ልብስ እናለብሰዋለን። ኬክ ይቆረሳል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ በፎቶ ይሆናል። ሰውየው ግን ደክሞታል። ልቡ ገና ያልተዘጋው ሻንጣው ጋ ነው።

አዋላጅ ነርሶችን እያሠለጠነች አራት ዓመት አብራን የኖረች ሴት ነበረች። በሽኝቷ ማታ እያንዳንዳችን ጋ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቆማ አለፈች። ከወራት በኋላ ስንጻጻፍ አንድ ነገር ነገረችኝ። ከሁሉ በላይ በደንብ ልትሰናበታት የፈለገችው የማዋለጃ ክፍሉን የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ስንት ሌሊት አብረው ነቅተዋል፣ ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ ተካፍለዋል። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ግን ማታውን ሙሉ አዳራሹ ጥግ ረከቦት ፊት ተቀምጣ ቡና ስትቀዳ አመሸች። ቡና እንድታፈላ ስሟን ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከወር በፊት ጀምሩ። ቡና ልጥራ የሚል ቤት ሁሉ ቀን ይያዝለት፤ ግን በቀን አንድ ቤት ብቻ። አቦል ጠጥቶ «ቸኩያለሁ» ብሎ የሚነሳ ሰው ተሰናበተ አይባልም። ወሬው የሚፈታው ቶናው ላይ ነው። ምርቃቱ የሚመጣው በረካው ላይ ነው። እማማዎቹ እጃቸውን ዘርግተው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» የሚሉት ያኔ ነው። የሙስሊም ቤት ከሆነ ዱዓው ይደረጋል፣ ሁሉም «አሚን» ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከሰዓት በኋላው ያልቃል፤ ማለቅም አለበት።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ማታዎች ባዶ ተዉለት። ይተኛ። ብቻውን ወጥቶ ከተማዋን አንዴ ይዙር።

ሰዓቱንና ቀኑን ሳያጣሩ መቀጣጠር

ብዙ የቆየ ፈረንጅ የእኛን ሰዓት ይለምዳል። የአውሮፕላን ቲኬት ግን በውጭ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሐኪም ሲሄድ ቲኬቱ ላይ 10:00 ይል ነበር። አንዱ ባልደረባችን አይቶ «በረራው አሥር ሰዓት ነው» ብሎ አወራ። የግቢያችን ዘበኛ ሰሙ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ባለቤታቸው ማታ ሊጥ አቡክተው አደሩ፣ ጠዋት ኮባ አስቆርጠው ድፎ ዳቦ ደፉ። ጋሼ ዳቦውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ባጃጅ ተኮናትረው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አውሮፕላኑ የተነሳው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። የነገራቸው በሩ ላይ ያለ ጥበቃ ነው። ዳቦው ገና ለብ ያለ ነበር። ጋሼ ይዘውት ወደ ግቢ ተመለሱና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። በማግስቱ ቆርሰን በላን። ማንም ብዙ አላወራም።

ልዩነቱ ስድስት ሰዓት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥድፊያ ላይ ነው የምንስተው። 10:00 ካለ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። 16:00 ካለ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ቀኑም እንደዚሁ፤ ጁላይ 7 የእኛ ሰኔ 30 ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር በትልቁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት። ዘበኛው፣ ሹፌሩ፣ ምግብ አብሳይዋ፣ ሁሉም ያንብበው። ማንበብ ለማይችል ደግሞ በቃል ይነገረው።

ክረምት ከሆነ ሌላም አለ። ጅማ ዝናቧ ብርቱ ነው፣ የጠዋት በረራ ሊዘገይ ይችላል። አዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት አለበት። የጅማውን መንገድና ወደ ውጭ የሚወስደውን በረራ በአንድ ቀን አታገናኙ።

ሻንጣውን በስጦታ ማጨናነቅ

ይሄ ከፍቅር የሚመጣ ስህተት ነው። ሐሙስ ገበያ ወጥተን ማሩን፣ ቅቤውን፣ ጥሬ ቡናውን፣ በርጩማውን ገዝተን እንመጣለን። አንድ ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት 23 ኪሎ ነው። ሰውየው እንዳይቀየሙኝ ብሎ ሁሉንም ይቀበላል። ቦሌ ሲደርስ ወለል ላይ ሻንጣ ከፍቶ ማውጣት ይጀምራል።

ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በመንገደኛ እጅ አይገባም። እዚያ ሲደርስ ይወሰድበታል፤ ስለዚህ ተዉት። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይገባል። ግን በእጅ ሻንጣ ከያዘው እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ፍተሻው ላይ ይቀራል። ክዳኑ በደንብ ታሽጎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በሚጫነው ሻንጣ ልብስ መሀል ይግባ። ቡናው ተቆልቶና ታሽጎ ይሰጠው። ጥሬ ቡና በከረጢት ተሸክሞ መሄድ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ምን ያህል እንደሚፈቀድ ቀድሞ ጉምሩክን መጠየቅ ነው።

በርጩማው ላይ ትንሽ ልቆይ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ በጣም ያምራል። አንዲት እናት የአማታቸውን በርጩማ ለሐኪማቸው ሊሰጡ አመጡ። ጠርዙ በዘመን ብዛት ተልጓል፣ መቀመጫው እንደ መስታወት ያበራል። ከዚህ የከበረ ስጦታ የለም። ግን በዕድሜ የቆየ ዕቃ ቅርስ ሊሆን ይችላል። በቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ዕቃ ሲሆን መጀመሪያ አዲስ አበባ የቅርስ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ለእናትየው ይህንን ብናስረዳቸው በርጩማውን መልሰው ወሰዱት። ሐኪሟ ቤታቸው ሄዳ ተቀመጠችበት፣ ፎቶ ተነሱ። የሄደችው ከገበያ በተገዛ አዲስ በርጩማ ነው፣ ደረሰኙም አብሮ ሄዷል።

ግቢውን መርሳት

የውጭ ዜጋ ሲሄድ ቢሮው ውስጥ ያለነው ጓደኛ ነው የምናጣው። ምግብ አብሳይዋ፣ ዘበኛውና አትክልተኛው ግን በዚያው ቀን እንጀራቸውን ያጣሉ። ይህንን ልዩነት ብዙ ጊዜ አናየውም።

ሰውየው ብዙውን ጊዜ እኛን ይጠይቃል። «እዚህ አገር ልማዱ ምንድን ነው? ምን ያህል ልስጣቸው?» ይለናል። እዚህ ላይ «ግድ የለም፣ ያሮጀ ልብስ ተውላቸው፣ ይበቃቸዋል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ይሄ ነውር ነው። ልብሱ ስጦታ ነው፣ ደመወዝ አይደለም። የሠሩበት እስከ መጨረሻዋ ቀን ተቆጥሮ ይከፈላቸው። ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይነገራቸው፣ ሌላ ሥራ ይፈልጉ። ከዚያ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ፣ ምን እንደሠሩ፣ ፊርማና ስልክ ያለበት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢሆን ጥሩ ነው። በአንዲት ወረቀት ምክንያት በሳምንቱ ሥራ ያገኘች አብሳይ አውቃለሁ። ደብዳቤ የሚጽፍላት አጥታ ስድስት ዓመት የሠራችበት እንዳልነበረ የሆነባትም አውቃለሁ።

እና ስንብቱ ኩሽና ቆሞ አይሁን። ቤታቸው ይሂድ። ልጆቻቸውን ይይ፣ ማርቃ፣ ማለትም ገንፎ፣ ቢቀርብለት ይብላ። ቤታቸው ሲመጣ ያላቸውን ደስታ የሚያህል ስጦታ አላየሁም።

በመጨረሻው ሰዓት መጠየቅ

«ላፕቶፑን ለእኔ ተወው።» «ስትሄድ የጥሪ ደብዳቤ ላክልኝ።» እነዚህ ቃላት መኪናው ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ ሲወጡ ይከብዳሉ። ሰው ተቸግሮ መጠየቁ ነውር የለውም። ቀድሞ፣ ተቀምጦ፣ በግልጽ መጠየቅ ይቻላል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ ሁለት ወር ቀድሞ ይጠይቅ፤ ጊዜ ሲኖረው ጥሩ አድርጎ ይጽፋል። የሚቀረውን ዕቃ ደግሞ ሰውየው ራሱ ለማን እንደሚሰጥ ጽፎ ለአንድ ለሚታመን ሰው ይስጠው። ከሄደ በኋላ በአንድ ፍሪጅ የተኳረፉ ጎረቤቶች አይቻለሁ።

ሥራውን ሳይረከቡ መሸኘት

ይህን በአጭሩ ልበል። ቁልፉ የት ነው? የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል? ማሽኑ ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት ነው የሚመጣው? በእንባ መሀል ይህን የሚጠይቅ የለም። ከሳምንታት በኋላ ግን ማሽኑ ቆሞ አቧራ ይለብሳል። ተተኪው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አጠገቡ ቆሞ፣ በገዛ እጁ እየሠራ ይረከብ።

ለልጆች «ቶሎ ይመለሳል» ማለት

አንዲት ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለወራት የሄደው ሰውዬ በር ላይ ትቆም ነበር። «በዓል ሲደርስ ይመጣል» ያልናት እኛ ነን። ልጅ እውነቱን ይችላል። አገሩ ሩቅ ነው፣ እናቱ አርጅታለች፣ ሊጠይቃት ነው የሚሄደው፣ በስልክ እናየዋለን፤ ይሄ ይበቃል። በኦሮምኛ «ነጋቲ»፣ ደህና ሁን፣ ብላ በእጇ ትሰናበተው።

ከሄደ በኋላ ዝም ማለት

መጀመሪያው ሳምንት ቴሌግራሙ ይጨናነቃል። በሦስተኛው ወር ጸጥ ይላል። እዚያ ያለው ሰው በተለይ በዚያን ጊዜ ነው የሚከፋው። ቤተሰቦቹ ስለ ጅማ ሰምተው ጠግበዋል፣ እሱ ግን ገና አላወራም። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። የገበያው ፎቶ፣ የዝናቡ ድምፅ፣ የተመረቀው ተማሪው ስም፤ እነዚህ ይበቃሉ።

ያቺ የአዋላጆች አሠልጣኝ ከመሄዷ በፊት ግቢያችን ውስጥ የቡና ችግኝ ተክላ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ያቺው ቡና ስትቀዳ ያመሸችው፣ በበጋ ታጠጣዋለች። ቡና ለማፍራት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ዘንድሮ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ቅርንጫፉ በሙሉ ነጭ አበባ ለበሰ፣ ሽታው ኮሪደሩ ድረስ ገባ። ፎቶ አነሳሁና ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። አበባውን አላነሳችም። «እሷ አለች እዚያ?» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ሮጥኩ።