በረዶው ለምን ግራጫ ወጣ? የተራራ ፎቶና የካቢን ዊንተር ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

እዚህ ኮሎራዶ ከዴንቨርና ከኦሮራ ተነስተን ዊንተር ላይ ወደ ኢስተስ ፓርክና ወደ ሮኪ ማውንቴን ናሽናል ፓርክ የምንወጣ ሰዎች ይዘን የምንመለሰው ፎቶ ባብዛኛው አንድ አይነት ነው፣ በረዶው አመድ የመሰለ፣ ፊታችን የጠቆረ፣ ተራራው ጥላ ብቻ የሆነ። ስልኬ ርካሽ ስለሆነ ነው የሚል አለ፣ አይደለም፣ የሦስት ሺህ ዶላር ካሜራም ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ያንኑ ነው የሚሰራው። ካሜራ ነጭ ነገር ይሸውደዋል፣ ብርድና እርጥበት ደግሞ ያደክሙታል፣ አብዛኛው ጣጣ ከነዚህ ነው የሚመጣው። እንግዲህ የናንተን ችግር ፈልጉና መፍትሄውን ውሰዱ፣ ሁሉንም ማንበብ ግዴታ አይደለም፣ መጨረሻ አካባቢ ያለውን የከሰሉን ነገር ግን እንዳትዘሉት።

በረዶው ግራጫ ሆኖ ወጣ

ምክንያቱ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ነው። የሚያየውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሳው፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ አካባቢ የሚመልስ ነገር። አዲስ የወረደ ስኖው ግን ከ80 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል፣ እና ካሜራው ይሄን ሁሉ ብርሃን ሲያይ ኧረ በዛ ብሎ ይቀንሰዋል፣ እየቀነሰ እየቀነሰ እሱ የሚያውቀው ግራጫ ላይ ያደርሰዋል። አልተበላሸም፣ ስራውን ነው የሰራው።

መፍትሄው ብርሃን መጨመር ነው፣ አዎ፣ ቀድሞውኑ በሚያንጸባርቅ ቦታ ላይ መጨመር። ካሜራ ላይ ፕላስና ማይነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭናችሁ፣ ፀሐይ ካለና ፍሬሙን የሞላው በረዶ ከሆነ ወደ +1.7 ወይ +2 ውሰዱት፣ ደመና ከሆነ ወይም ግማሹ የጥድ ዛፍ ከሆነ +1 ይበቃዋል። በስልክ ከሆነ በረዶው ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ እስኪቆለፍ ያዙት፣ ከዛ አጠገቡ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደላይ ሳቡ። ስክሪኑን ግን አትመኑት፣ ውጪ በዛ ብርሃን ውስጥ ሁሉም ፎቶ የጨለመ ነው የሚመስለው፣ ሂስቶግራም የሚባለውን (ጨለማው በግራ፣ ብሩሁ በቀኝ የሚታይበትን ግራፍ) ክፈቱና እዩ፣ ጉብታው ወደ ቀኝ ይጠጋ እንጂ ጫፉ ላይ አይለጠፍ፣ ከተለጠፈ በረዶው ነጭ ወረቀት ሆኗል፣ የንፋሱ መስመርም ዱካውም ጠፍቷል፣ በኋላ ኤዲት ብታደርጉትም አይመለስም። ሮው (ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ ትልቅ ፋይል) የሚያነሳ ካሜራ ያለው ሰው በሮው ያንሳ፣ ቀኑን ሙሉ ሜሞሪ ሞላብኝ እያለ ከሚያማርር ሌላ ካርድ ይግዛ።

ፊታችን ጠቆረ፣ አይንና ጥርስ ብቻ ቀረ

ይሄ የኛ ሰው ዋና ቅሬታ ነው። ከኋላችሁ ያለው በረዶ እጅግ ብሩህ፣ ፊታችሁ ደግሞ ቡናማ፣ ካሜራው ለበረዶው ሲያዳላ ፊት ይቀበራል። ብዙ ሰው መፍትሄው ፍላሽ ይመስለዋል፣ የስልክ ፍላሽ በቀን ብርሃን ሁለት ሜትር አያልፍም፣ በዛ ላይ ግንባር ላይ ያብለጨልጫል፣ ተዉት።

የሚሻለው ሰውየውን ማዞር ነው። ፀሐይን በጎኑ ወይም ትንሽ ከኋላው አድርጋችሁ ከፊት ለፊቱ ፀሐይ የመታው ንጹህ በረዶ እንዲኖር አድርጉ፣ በረዶው ራሱ ከታች ብርሃን እየረጨ አገጭና ጉንጭ ስር ያለውን ጥላ ያነሳዋል፣ ስቱዲዮ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ ብርሃን ነው በነጻ የምታገኙት። ከዛ ፊቱን ነክታችሁ ቆልፉና በረዶው እንዳይቃጠል ትንሽ ብቻ አውርዱት። የስልኩን ቢዩቲ ምናምን አጥፉት፣ ፊትን እያነጣ ከበረዶው ጋር አንድ ያደርገዋል።

ሌላው ደግሞ ነጭ ነጠላ ወይ ጋቢ ለብሶ በረዶ ላይ መቆም ነው፣ ሀሳቡ ያምራል፣ ፎቶው ላይ ግን ጭንቅላት ብቻ ተንሳፍፎ ይታያል። ጥለቱ ደመቅ ያለ ይሁን፣ ወደ ፊትም ይዙር፣ ከኋላ ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ ጥድ እንዲሆን ሰውየውን ሁለት እርምጃ አንቀሳቅሱት። ብርሃኑ ከጎን ከመጣ የሸማው እጥፋት ሁሉ ይወጣል።

ጥላው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ

ጥላ ውስጥ ያለ በረዶ የሚበራው በሰማዩ ነው፣ ሰማዩ ሰማያዊ ስለሆነ እሱም ሰማያዊ ይሆናል። ካልፈለጋችሁት ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) ሼድ የሚለው ላይ ወይም ወደ 7000 ኬልቪን አድርጉት። እኔ በበኩሌ ትንሽ ሰማያዊ ቢቀር ደስ ይለኛል፣ ፈጽሞ ነጭ የሆነ ጥላ ብርድ አይሰማም።

ተራራው ጥቁር ሆኖ ሰማዩ ብቻ ነጭ ወጣ

ይሄ የካሜራ ችግር አይደለም፣ የመኝታ ችግር ነው። ከፓርኩ ሐይቆች፣ ከቤር ሌክ፣ ከድሪም ሌክ፣ ከስፕራግ ሌክ ሆናችሁ የምታዩት የተራራ ፊት ወደ ምስራቅ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ነው። ቁርስ በልተን፣ ልጆቹን አልብሰን፣ ቡና ጠጥተን ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል፣ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ዞራለች፣ ዊንተር ላይ ደግሞ ገና ሳይመሽ ነው ሸንተረሩ ኋላ የምትገባው። ታህሳስ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው በኛ አቆጣጠር ጠዋት ከ1 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከዛ በፊት ቦታችሁን ይዛችሁ ጠብቁ፣ መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ሮዝ ይሆናል፣ ከዛ ብርሃኑ ቀስ እያለ ሃሌት ፒክ የሚባለውን ተራራ ይዞ ይወርዳል፣ ቶሎ ነው የሚያልፈው። እንደ እንቅልፋችሁ ምረጡ፦ ስፕራግ ሌክ ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ነው፣ ድሪም ሌክ ግን በእግር ነው፣ መንገዱ ተረግጦ መስታወት ስለሚሆን ጫማ ላይ የሚታሰር ማይክሮስፓይክ ያስፈልጋል። ፓርኩን የሚያቋርጠውን ትሬይል ሪጅ ሮድን እንዳታስቡት፣ ከፍታው ላይ ያለው ክፍል ዊንተር ዝግ ነው።

ፎከስ እምቢ አለ፤ የሚወርደው በረዶ አይታይም

ነጭ በነጭ ላይ ፎከስ የሚይዝበት ጠርዝ የለውም፣ የዛፍ ግንድ ወይም የድንጋይ ጫፍ ስጡት። የሚወርደውን በረዶ ነጠላ ነጠላ አድርጎ ለማስቀረት ሹተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/500 ሰከንድ ወይም ከዛ የፈጠነ ይሁን፣ ከኋላው ጨለማ ነገር ይኑር፣ ክር ክር እንዲሆን ከፈለጋችሁ 1/60 አካባቢ። ፍላሽ ከበራ ፊት ለፊት ያሉት የበረዶ ቅንጣቶች ትልልቅ ነጭ ኳስ ሆነው ይመጣሉ። አንዷን የበረዶ ቅንጣት በቅርበት ማንሳት ለሚወድ ደግሞ ጥቁር የሱፍ ጓንት ውጪ አቆዩትና ሲቀዘቅዝ በላዩ ተቀበሉ፣ የቬርሞንቱ ገበሬ ዊልሰን ቤንትሊ በ1885 የመጀመሪያውን የነጠላ ቅንጣት ፎቶ ሲያነሳ ማይክሮስኮፕ ከካሜራ ጋር ገጥሞ ነበር፣ እናንተ ማክሮ (በጣም ቅርብ ማንሻ) ያለው ስልክ ይበቃችኋል፣ ብቻ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ትቀልጣለች።

ባትሪው 40 በመቶ እያለ ስልኩ ጠፋ

የሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ውስጡ ያለው ኬሚካል ይዘገያል፣ ኃይሉ አለ ግን አይወጣም። አፕል ራሱ አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቦታ እንዲሰራ ነው የሚለው፣ እኛ በማይነስ 15 ፎቶ እናነሳበታለን። ትርፍ ባትሪውንም ስልኩንም ከጃኬት ስር ሰውነት አጠገብ አድርጉ፣ የጃኬቱ የውጪ ኪስ አይጠቅምም። አለቀ ያለው ባትሪ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሳይሞቅ ግን ቻርጅ አታድርጉት፣ ከዜሮ በታች ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል፣ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ወዲያው ሽቦ የምትሰኩ ሰዎች ልብ በሉ።

ካቢን ስገባ ሌንሱ አላበው

የቀዘቀዘ ሌንስ ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ሲያገኝ ውሃ ይለብሳል። ካቢን ውስጥ ደግሞ ድስት እየፈላ፣ እርጥብ ካልሲ ምድጃ ዳር ተሰጥቶ፣ ስድስት ሰው እየተነፈሰ አየሩ በእርጥበት የተሞላ ነው። የፊቱ መስታወት ላይ ያለው ይጠረግ ይሆናል፣ ከውስጥ ሌንሶቹ መሀል የገባው ግን አይጠረግም፣ ሲቆይ ሻጋታ ያመጣል።

በር ከመክፈታችሁ በፊት፣ ውጪ ሳላችሁ፣ ካርዱንና ባትሪውን አውጡ (በኋላ ፎቶውን ለማየት ስትሉ ፌስታሉን እንዳትከፍቱ)፣ ካሜራውን ትልቅ ዚፕሎክ፣ ማለት አፉ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ፌስታል ውስጥ ክተቱ፣ አየሩን ጨመቅ አድርጋችሁ አስወጡና ዝጉት። ከዛ በር አካባቢ ካለው ቀዝቃዛ ጥግ አስቀምጡት፣ ውሃው ፌስታሉ ላይ ከውጪ ያርፋል፣ ካሜራው ደረቅ ሆኖ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ሁለት ሰዓት ያህል ተዉት። እሳት ዳር አስጠግቶ ማድረቅ፣ በሄር ድራየር መንፋት የለም። ማታ መልሳችሁ የምትወጡ ከሆነ ጨርሶ አታስገቡት፣ መኪና ውስጥ ደብቃችሁ ቆልፉበት።

ማታ መውጣታችሁ ደግሞ አይቀርም፣ ካቢን የሚያምረው ፀሐይ ከጠለቀች ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፣ ሰማዩ ድፍን ሰማያዊ ሲሆንና የመስኮቱ መብራት ቢጫ ሲሆን። ፈጽሞ ከጨለመ በኋላ ካነሳችሁት መስኮቱ ተቃጥሎ ቤቱ ይጠፋል። ትራይፖዱን እስኪጸና በረዶው ውስጥ ግፉት፣ ለመስኮቱ ብርሃን ለኩ፣ መጋረጃውንም ክፈቱ። ከሁሉ በፊት ግን ቤተሰቡን አስጠንቅቁ፣ ከፊት ለፊት ያለውን በረዶ ማንም እንዳይረግጠው፣ አንድ ልጅ ከሮጠበት በቃ፣ ሌላ ስኖው እስኪወርድ መጠበቅ ነው።

እሳት ሳነድ ጭሱ ወደ ቤት ተመለሰ

መጀመሪያ ዳምፐሩ (የጭስ ማውጫው መዝጊያ) ክፍት መሆኑን እዩ፣ ግማሹ ሰው እሱን ነው የሚረሳው። ክፍት ከሆነ ጭስ ማውጫው በርዶ ነው፣ ውስጡ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ጭሱን ወደ ታች ይገፋዋል። ጋዜጣ ጠቅልላችሁ አቀጣጥሉና ከላይ ወደ ቱቦው አፍ አስጠጉት፣ ቱቦው ሲሞቅ መሳብ ይጀምራል። የኩሽናውን ጭስ መሳቢያ ፋን አጥፉ፣ ከምድጃው ጋር አየር ይሻማል። እንጨቱ እየተንጫጫ ጫፉ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ እርጥብ ነው፣ ሌላ ግዙ። አመዱን በብረት ባልዲ ውጪ አውጡ እንጂ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አትክተቱ፣ ውስጡ ያለው ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

ሁላችንንም ራሳችንን አመመን

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቤር ሌክ 2,880 ሜትር ላይ ነው፣ ከሂውስተን ወይ ከዲሲ የመጣ ዘመድ ቢያመው አይገርምም፣ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት የሚለውም ዝቅተኛ ቦታ ብዙ ዓመት ከኖረ አይድንም። ውሃ መጠጣት፣ የመጀመሪያውን ቀን አለመሮጥ፣ ካልተሻለ ወደ ዴንቨር መውረድ ነው።

ግን ያው ራስ ምታት፣ ያው ማዞር፣ ያው ማቅለሽለሽ ከካርቦን ሞኖክሳይድም፣ ከሰልና እንጨት ሲነድ ከሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ይመጣል። መለያው ይሄ ነው፦ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ከታመመ፣ ውጪ ሲወጣ ቀለል ካለውና ሲገባ ከተመለሰበት፣ ከፍታ አይደለም። የኛ ሰው ካቢን ተከራይቶ ቡና ሳያፈላ አያድርም፣ ረከቦቱን ይዞ ይመጣል፣ ከሰልም ይዞ ይመጣል። አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ግድግዳውም ይተነፍሳል፣ እዚህ ቤቱ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የታሸገ ነው። ጋዙ አይሸትም፣ እጣኑ ቢሸትም ባይሸትም ለውጥ የለውም፣ መስኮት ትንሽ መክፈትም አይበቃም። ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ፣ በቃ። ቡናውን የኩሽናው ምድጃ ላይ ቁሉ፣ ጀበናውንም እዛው ጣዱ (ኢንዳክሽን ከሆነ ሸክላ አያሞቅም፣ በብረት ድስት አፍልታችሁ ገልብጡ)። ሲቆላ የጭስ አላርሙ ከጮኸ መስኮት ክፈቱና ጭሱን አስወጡ እንጂ ባትሪውን አትንቀሉ።

ምልክቱን ካያችሁ ደግሞ ምክንያቱን ለማጣራት ውስጥ አትቆዩ፣ ህጻናቱን ይዛችሁ ጃኬት ደርባችሁ ውጡ፣ 911 ደውሉ፣ የእሳት አደጋ ሰዎች ለክተው ግቡ እስኪሏችሁ መኪና ውስጥ ጠብቁ፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ግን የጭስ ማውጫው አፍ በበረዶ አለመደፈኑን ዞራችሁ እዩ።