አንጀቱ ለሚቆጣ ሰው ፋይበር እንዴት ይበላል?

ክሮንስ ወይም አልሰራቲቭ ኮላይቲስ (ሁለቱም አንጀትን እያስቆጡ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሕመሞች ናቸው) እንዳለባችሁ በምርመራ የተነገራችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች፣ ይህ ለናንተ ነው። "በምርመራ" ያልኩት አውቄ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አሜባም ሊሆን ይችላል፣ የአንጀት ቲቢ ደግሞ ከክሮንስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሳትመረመሩ በምግብ ለማዳን አትሞክሩ።

ብዙ ሰው ከታመመ በኋላ አትክልትና ጥራጥሬ እርም ይላል፣ ይህ ያሳዝነኛል። ፋይበር ትንሹ አንጀት የማይፈጨው የተክል ክፍል ነው። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ግን ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ቡቲሬት የሚባል ነገር ያወጣሉ፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግባቸው እሱ ነው፣ ብግነትም (የአንጀቱ መቆጣት) እንዲበርድ ያግዛል። በፈረንጆቹ 1999 በወጣ ጥናት፣ ኮላይቲሳቸው ጋብ ያለላቸው 105 ሕመምተኞች ለአንድ ዓመት ተከታትለው፣ ሲሊየም የተባለውን ፍሬ የወሰዱትና ሜሳላሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ላይ ሕመሙ ያገረሸው በተቀራራቢ መጠን ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ፤ ፋይበሩ ከጎኑ ይሁን።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ሕመሙ ሲነሳ ፋይበር ቀንሱ፦ ነጭ ሩዝ፣ የተላጠ ድንች፣ እንቁላል ይበቃል። ጠባሳ አንጀታችሁን አጥብቦታል ከተባላችሁ ደግሞ ልጣጭ፣ ዘርና ጥሬ አትክልት ጨርሶ ይቅር፣ ሐኪማችሁ ካልፈቀደ በቀር።

ጋብ ሲል ከሚያሙለጨልጩት፣ ፋይበራቸው ውሃ ውስጥ ከሚሟሟው ጀምሩ። እኔ የማስቀድመው አብሽ ነው፣ ሐረር ሁልበት የሚባለው ምግብ የሚሠራበት። የተፈጨ አብሽ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ከላይ የቆመውን መራራ ውሃ ድፉ፣ ንጹሕ ጨምሩና እንደገና ድፉ። ከዚያ በእጅ ወይም በሹካ ምቱት፦ ይነጣል፣ ያብጣል፣ ስታነሱት እየተለጠጠ ይከተላችኋል። ያ የሚለጠጠው ነው የሚሟሟው ፋይበር። በሻይ ማንኪያ ጀምሩ፣ ሚጥሚጣና በርበሬ ሳታበዙ። የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ እና እርጉዞች ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።

ተልባም ጥሩ ነው፤ ሳይፈጭ ዘፍዝፋችሁ ዝልግልጉን አጥልላችሁ ጠጡ። ከቀፊራ ገበያ የበሰለ ፓፓያ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ስኳር ድንች፣ የአጃ አጥሚት። አንድ አዲስ ነገር ስትጀምሩ ሦስት አራት ቀን ጠብቁ፣ ሁለት ባንድ ጊዜ ከጨመራችሁ የትኛው እንደነፋችሁ አይታወቅም። ጥራጥሬ ላይ ሽሮና ክክ ከሙሉው ባቄላ ይቅደሙ። ቀይና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ፋይበር ደግሞ አንዳንድ ሰው ላይ ብግነቱን ሊያባብስ ይችላል፣ ወጡ ላይ ሽንኩርት ቀንሳችሁ እዩት።

ውሃ! በድሬ ሙቀት ፋይበር ያለ ውሃ ሆድ ያደርቃል። ጫት የምትቅሙ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል፣ ሆድም ያደርቃል፣ ስለዚህ ከመቃማችሁ በፊት በደንብ ብሉና ጠጡ።

ሆዳችሁ ተነፍቶ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ፣ ጋዝም አልወጣ ካለ፣ ምግቡን አቁሙና ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።