አፑ ከፕሌይ ስቶር ሲወርድ፣ አካውንቱ ሲዘጋ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከጎግል ፕሌይ የቅጣት ኢሜይል ሲመጣ ጉዳቱን የሚያከፋው ብዙ ጊዜ ጥድፊያ ነው። ያው አፕ ስሙ ተቀይሮ እንደገና ይጫናል፣ በወንድም ወይም በጓደኛ ስም ሌላ አካውንት ይከፈታል፣ በንዴት የተጻፈ ይግባኝ ይላካል። ሦስቱም በአንድ አፕ ላይ የነበረውን ችግር ወደ ሙሉ አካውንቱ ያዛምቱታል። ስለዚህ ምንም ሳትነኩ ኢሜይሉን አስቀምጡ፣ በላዩ ላይ የተጠቀሰውን የፓኬጅ ስም (ስቶሩ አፑን የሚለይበት ቋሚ መለያ) እና የቨርዥን ኮድ (የእያንዳንዱ እትም ቁጥር) ጻፉ። ከዚያ በኢሜይሉ ሊንክ ሳይሆን ፕሌይ ኮንሶልን (አፕ የምትጭኑበትንና የምታስተዳድሩበትን የጎግል ገጽ) ራሳችሁ ከፍታችሁ ግቡና "ፖሊሲ ስታተስ" የሚለውን ገጽ ስክሪንሹት አንሱ። በጎግል ስም የሚላክ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ስላለ ይህን አትዝለሉት።

መጀመሪያ፦ ቅጣቱ የትኛው ነው?

ሁሉም "አፑ ተዘጋ" ይባላል፤ ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሪጀክትድ ከሆነ አዲሱ ቨርዥን ብቻ ነው ያላለፈው። ቀድሞ የወጣው ቨርዥን ስቶሩ ላይ እንዳለ ነው፣ የአካውንቱም መዝገብ አይነካም። ሪሙቭድ ከሆነ አፑ ከስቶር ወርዷል፤ ነገር ግን ተስተካክሎ በዚያው የፓኬጅ ስም ሲላክና ሲያልፍ ከነተጠቃሚዎቹና ከነኮከቦቹ ይመለሳል። አንድ ጊዜ መውረዱ ወዲያውኑ አካውንቱን አይጎዳም፤ መደጋገሙ ግን ወደ እገዳ ይወስዳል። ሰስፔንድድ ከሆነ አፑ ከነስታቲስቲክሱ፣ ከነአስተያየቱና ከነኮከቡ ጠፍቷል፣ የፓኬጅ ስሙም ተቃጥሏል፤ በአካውንቱ ላይ እንደ አንድ ጥፋት ይቆጠራል፣ መውጫውም ይግባኝ ብቻ ነው። ተርሚኔትድ ማለት አካውንቱ ራሱ ተዘግቷል፤ በውስጡ ያሉት አፖች ሁሉ ይወርዳሉ፣ ከእሱ ጋር ተያያዥ የተባሉ ሌሎች አካውንቶችም ይከተሉታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሥራ ይስተካከላሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ በማስረጃ ነው።

ምልክት፦ አስተካክላችሁ ልካችሁ ያው ኢሜይል ተመልሶ መጣ

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ትራክ (አፑ ለሕዝብ ወይም ለሞካሪዎች የሚለቀቅበት መስመር) ላይ የተረሳ አሮጌ ባንድል (ወደ ኮንሶሉ የሚጫነው የአፑ ፋይል) ነው። ፕሮዳክሽኑን (ለሕዝብ የሚወጣውን ትራክ) አጽድታችሁ ከስምንት ወር በፊት ለሙከራ የጫናችሁት ቨርዥን ክሎዝድ ቴስቲንግ ወይም ኢንተርናል ቴስቲንግ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ጎግል የሚመለከተው ሥራ ላይ ያሉትን ትራኮች ሁሉ ነው።

አራቱንም ትራኮች (ፕሮዳክሽን፣ ኦፕን፣ ክሎዝድ፣ ኢንተርናል) አንድ በአንድ ክፈቱ። ኢሜይሉ ላይ ያለው ቨርዥን ኮድ የተገኘበት ትራክ ላይ ሁሉ ከእሱ ከፍ ያለ ኮድ ያለውን ንጹሕ ባንድል ጫኑ፣ ስርጭቱንም 100 በመቶ አድርጉት። 20 በመቶ ላይ ከተዋችሁት አሮጌው አሁንም በሥራ ላይ ነው። ሪሊሱን (የሚለቀቀውን አዲስ እትም) ስታዘጋጁ አሮጌው ኮድ "ኖት ኢንክሉድድ" በሚለው ዝርዝር ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የማትጠቀሙበትን የሙከራ ትራክ ፖዝ አድርጉት። መጨረሻ ላይ "ፐብሊሺንግ ኦቨርቪው" ውስጥ ገብታችሁ ለግምገማ ላክ የሚለውን ተጫኑ፤ ለውጡ ሴቭ ስለተደረገ ብቻ የተላከ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ምልክት፦ "ይህን ፈቃድ እኔ አልጠየቅኩም"

እውነት ነው፣ እናንተ አልጻፋችሁትም ይሆናል። አፑ ሲገነባ የእናንተ ማኒፌስት (አፑ የሚጠይቃቸው ፈቃዶች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ከየላይብረሪው (ሌሎች ከጻፉት ዝግጁ ኮድ) ማኒፌስት ጋር ይዋሃዳል፤ ከማስታወቂያ ወይም ከአናሊቲክስ (የአጠቃቀም መከታተያ) ኤስዲኬ፣ ማለትም ሌላ ድርጅት ካዘጋጀው ኮድ፣ የመጣ ፈቃድ በእናንተ ስም ይቆጠራል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ የማኒፌስቱን ፋይል ከፍታችሁ ከታች "መርጅድ ማኒፌስት" የሚለውን ትር ተጫኑ። እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደመጣ በቀለም ለይቶ ያሳያል። ላይብረሪውን ወደ አዲስ ቨርዥን አሳድጉ፣ ካልሆነም አውጡት፤ ወይም በራሳችሁ ማኒፌስት ላይ ያንን ፈቃድ እንዲያስወግድ እዘዙ።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚያስቀጣው የኤስኤምኤስ ንባብ ነው። የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክት አንብቦ ክፍያ መግባቱን የሚያረጋግጥ፣ ወጪና ገቢ የሚመዘግብ አፕ ብዙ ሰው ይሠራል። ጎግል ግን ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2018 ማስታወቂያው ጀምሮ የኤስኤምኤስና የጥሪ መዝገብ ፈቃድን ለጥቂት ዓይነት አፖች ብቻ ገድቧል። መፍትሄው በምትፈልጉት ነገር ይወሰናል፦

- የማረጋገጫ ኮድ ለመቀበል ብቻ ከሆነ ፈቃዱ አያስፈልጋችሁም። የኤስኤምኤስ ሪትሪቨር ወይም ዩዘር ኮንሰንት የሚባሉት መንገዶች ያለ ፈቃድ ይሠራሉ።
- መልእክት ለመላክ ከሆነ የስልኩን የመልእክት አፕ ጽሑፉን ሞልታችሁ ክፈቱለት፤ ላክ የሚለውን ተጠቃሚው ራሱ ይጫን።
- የባንክ መልእክት አንብቦ ሒሳብ ለመያዝ ከሆነ በኤስኤምኤስ የሚመጣ የገንዘብ እንቅስቃሴን መከታተል በልዩ ሁኔታ ከሚፈቀዱት ውስጥ አለ። የፈቃድ መግለጫ ቅጹን ሙሉ፣ ከመጀመሪያው ስክሪን እስከ ተነበበው መልእክት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አያይዙ። የአፑ ዋና ሥራ ይህ መሆኑ በስቶር መግለጫው መጀመሪያ ላይ መጻፍ አለበት። ለሱቅ ዕቃ መመዝገቢያ አፕ ላይ "ተጨማሪ አገልግሎት" ተደርጎ ከገባ ግን ተስፋ አታድርጉ።

የዘመን አቆጣጠር አፕ የምትሠሩ፣ የጾምና የበዓል ማስታወሻ በትክክለኛው ሰዓት ለማሰማት የሚያስፈልገው የአላርም ፈቃድ ለካላንደርና ለአላርም አፖች ተፈቅዷል። ለሌላው ዓይነት አፕ ተጠቃሚው ራሱ ከሴቲንግ የሚሰጠውን ዓይነት ተጠቀሙ።

ምልክት፦ የዳታ ሴፍቲ ቅጽ "ትክክል አይደለም"

አፑ ከተጠቃሚው ምን መረጃ እንደሚወስድ የሚገለጽበትን ይህን ቅጽ ምንም ዳታ አንሰበስብም ብላችሁ ሞልታችኋል፤ አድሞብ ወይም ፋየርቤዝ (የጎግል የማስታወቂያና የአፕ መሥሪያ አገልግሎቶች) ግን አፑ ውስጥ አለ። የማስታወቂያ መለያ ቁጥሩ መሰብሰቡን መግለጽ ግዴታ ነው። የየኤስዲኬው ባለቤት ምን እንደሚሰበስብ የሚያወጣውን ዝርዝር ፈልጋችሁ ቅጹን በእሱ ሙሉ። የፕራይቬሲ ፖሊሲ ገጹም ያለ ሎጊን ከየትኛውም አገር የሚከፈት፣ ፒዲኤፍ ያልሆነ፣ ሌላ ሰው ሊያርመው የማይችል፣ የአፑን ወይም የእናንተን ስም የያዘ ይሁን።

ምልክት፦ አሳሳች መረጃ፣ ማስመሰል ወይም የቅጂ መብት

የ12ኛ ክፍል ውጤት ማሳያ፣ የትራፊክ ቅጣት መፈለጊያ፣ የአዋጅ ማንበቢያ የመሳሰሉት እዚህ ይወድቃሉ። የመንግሥት መረጃ የሚያሳይ አፕ የመረጃውን ምንጭ ሊንክ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተወካይ አለመሆኑንም በግልጽ በስቶር መግለጫው ውስጥም በአፑ ውስጥም ማስቀመጥ አለበት። የመሥሪያ ቤቱን ወይም የባንኩን ዓርማ ከአይከኑ አውጡ፤ ስሙንም በአፑ ስም መነሻ ላይ አታድርጉት።

መዝሙር፣ መጽሐፍና ትረካ ላይ "ዩቲዩብ ላይ አለ" መከራከሪያ አይሆንም። ከባለመብቱ የተፈረመ ፈቃድ በእጃችሁ ካለ ከመቀጣታችሁ በፊት ተጠቀሙበት፦ ጎግል ለገምጋሚዎቹ አስቀድሞ ማሳወቂያ ቅጽ አለው። ፈቃዱን በእንግሊዝኛ ትርጉም አያይዛችሁ ላኩ። ገምጋሚው አማርኛ የሚያነብ ነው ብላችሁ አትቁጠሩ።

ምልክት፦ የማንነት ማረጋገጫው አላልፍ አለ

የኛ ስም አጻጻፍ እዚህ ላይ ይጎዳናል። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ መታወቂያው ላይ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለ። የፔይመንት ፕሮፋይሉ (ከጎግል ጋር ክፍያ የሚፈጸምበት መዝገብ) ላይ ያለው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፤ በአንዱ ላይ አንድ ፊደል የተደገመ፣ በሌላው ያልተደገመ ከሆነ ይወድቃል። የተወለዱበትና የወጣበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ የተጻፈበት መታወቂያ አታስገቡ፤ ፓስፖርት ይሻላል። ለአድራሻ ደግሞ የመብራት ክፍያው በአከራይ ስም ስለሚሆን፣ ስማችሁና አድራሻችሁ ያለበት በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የባንክ መግለጫ ጠይቁ።

በድርጅት ስም ከሆነ ዳንስ (D-U-N-S) የሚባለው የድርጅት መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። በነፃ ይሰጣል፣ እስከ 30 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስሙም ከንግድ ፈቃዱ ትርጉም ጋር አንድ ይሁን። ከኖቬምበር 13 ቀን 2023 በኋላ የተከፈተ የግል አካውንት ወደ ፕሮዳክሽን ከመግባቱ በፊት በክሎዝድ ቴስት ቢያንስ 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀናት መቆየት አለበት። አስራ ሁለት ብቻ አትመዝግቡ፤ አንዱ ከወጣ ቆጠራው ይበላሻል። ሃያ ያህል አድርጉ፣ በእርግጥም ይጠቀሙበት፤ ቀጥሎ በሚሞላው ቅጽ ምን አስተያየት እንደሰጡ ትጠየቃላችሁ።

ምልክት፦ "ቀድሞ ከተዘጋ አካውንት ጋር ግንኙነት አላችሁ"

ከሁሉም የሚያመው ይህ ነው፤ ጎግል ከየትኛው አካውንት ጋር እንደሆነ አይነግርም። አንድን ሰው ከሥራው የሚያስወጣ ውሳኔ በምን ምክንያት እንደተሰጠ አለመግለጽ ትክክል አይደለም ብለን እናምናለን። ግን ዛሬ ያለው አሠራር ይህ ስለሆነ በእሱ ውስጥ መሥራት ግድ ነው።

የተለመዱት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦ ከቴሌግራም ግሩፕ የተገዛ ዝግጁ አካውንት፤ የ25 ዶላሩን መመዝገቢያ ለብዙ ሰው በአንድ ካርድ የከፈለ ዘመድ ወይም ደላላ፤ ሥራ ለሰጣችሁት ፍሪላንሰር የተሰጠ ሙሉ አድሚን መብት፣ የእሱ አካውንት ደግሞ ቀድሞ የተዘጋ፤ ወይም ለደንበኛ ብላችሁ በራሳችሁ ላፕቶፕ የገባችሁበት አካውንት።

ይግባኙ ውስጥ ገብታችሁበት የምታውቁትን አካውንት ሁሉ በዝርዝር አስቀምጡ፦ የማን ነው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን መብት ነበራችሁ። ውልና የክፍያ ደረሰኝ አያይዙ። አዲስ አካውንት አትክፈቱ፤ እሱም ይዘጋል፣ ይግባኛችሁንም ያሳጣችኋል። ወደፊት ፓስወርድ ለማንም አትስጡ፤ "ዩዘርስ ኤንድ ፐርሚሽንስ" ውስጥ በአንድ አፕ ላይ የተወሰነ መብት ስጡ፣ ሥራው ባለቀ ቀን አንሱት።

ይግባኙ እንዴት ይጻፍ

"ለሦስት ዓመት ለፍቻለሁ፣ እባካችሁ" የሚለው እውነት ቢሆንም ገምጋሚው የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። እንዲህ ያለው ይሰጠዋል፦

"በቨርዥን ኮድ 41 ላይ የነበረው የኤስኤምኤስ ንባብ ፈቃድ የገባው በማስታወቂያ ላይብረሪ በኩል ነው። በኮድ 42 ላይብረሪውን አውጥተናል። 41ን ከፕሮዳክሽንና ከክሎዝድ ቴስቲንግ አንስተናል። የተዋሃደው ማኒፌስት ከመታረሙ በፊትና በኋላ ያለው ፎቶ ተያይዟል።"

ምን ነበር፣ ከየት መጣ፣ ምን ተደረገ፣ ማስረጃው የት አለ። በአጭር እንግሊዝኛ ይጻፍ፣ አንድ ጊዜ ይላክ። በየቀኑ ያንኑ መልሶ መላክ አያፋጥነውም።

በአውሮፓ ኅብረት አገር ተመዝግባችሁ የምትሠሩ ከሆነ ተጨማሪ መሣሪያ አላችሁ። ከጁላይ 12 ቀን 2020 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ 2019/1150 አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ የሚያቋርጥ መድረክ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ከ30 ቀን በፊት ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በይግባኙ ላይ ደንቡን በቁጥሩ ጥቀሱት። አፕል በማርች 2024 የጌም ሠሪውን የኤፒክ ጌምስን የስዊድን አካውንት ዘግቶ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ጥያቄ ካነሳ በኋላ በቀናት ውስጥ መልሶታል። ብቻውን የሚሠራ ዴቨሎፐር ያን ያህል ጉልበት ባይኖረውም፣ የሕግ አንቀጽ የተጠቀሰበት ደብዳቤ ከልመና ይሻላል።

አካውንቱ ሳይነካ አሁኑኑ የሚሠራ

አሁን አዲስ አፕ ሁሉ የሚወጣው በፕሌይ አፕ ሳይኒንግ (ጎግል አፑን በፊርማ ቁልፍ በሚፈርምበት አሠራር) ነው። የፊርማ ቁልፉን ጎግል እንዲፈጥረው ከተዋችሁት ቁልፉ በእናንተ እጅ የለም። አካውንቱ የተዘጋ ቀን ከራሳችሁ ድረ ገጽ የምታወጡት ኤፒኬ (በቀጥታ ስልክ ላይ የሚጫን የአፕ ፋይል) በሌላ ቁልፍ ስለሚፈረም በተጠቃሚው ስልክ ላይ ካለው በላይ አይጫንም፤ መጀመሪያ አሮጌውን ማጥፋት አለበት፣ ሲያጠፋ ስልኩ ላይ ብቻ የነበረው መረጃ አብሮ ይሄዳል። አዲስ አፕ ስትከፍቱ የራሳችሁን ቁልፍ ጫኑና ቅጂውን ከፓስወርዱ ጋር በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ለቆየ አፕ ደግሞ በየሪሊሱ ኮንሶሉ ውስጥ ካለው "አፕ ባንድል ኤክስፕሎረር" የተፈረመውን ዩኒቨርሳል (ለሁሉም ስልክ የሚሆን) ኤፒኬ አውርዳችሁ ያዙ።

ከስቶር ውጭ መጫንም ለዘለዓለም ነፃ መንገድ ሆኖ አይቀጥልም። ጎግል በኦገስት 2025 ባስታወቀው ዕቅድ መሠረት በተረጋገጡ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የሚጫን አፕ ባለቤቱ ማንነቱን ያስመዘገበ መሆን አለበት፤ በሴፕቴምበር 2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ተጀምሮ ከ2027 ወደ ሌላው ዓለም ይሰፋል። ስለዚህ የማንነት ማረጋገጫውን ከላይ ባለው መንገድ አሁን ጨርሱ።

አፑ ውስጥም የቴሌግራም ቻናላችሁን ወይም የድረ ገጻችሁን ሊንክ አስገቡ፣ ተጠቃሚው መረጃውን ወደ ፋይል የሚያወጣበትና የሚመልስበት በተንም ይኑር። በሚቀጥለው ሪሊስ ላይ ጨምሩት፣ ራሳችሁ አፑን አጥፍታችሁ እንደገና በመጫን መረጃው መመለሱን ሞክሩ።