ሮቨሩ ሊነሣ ሲል ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት ችግርና መፍትሄው

ምልክቱ፦ ጎማዎቹ አየር ላይ ሆነው ሲሞከር ሮቨሩ (በጎማ የሚሄደው ሮቦት) ያለ እንከን ይሠራል፤ መሬት ላይ ሲነሣ ወይም በድንገት ወደ ኋላ ሂድ ሲባል ግን ራስፕቤሪ ፓዩ (ሮቨሩን የሚመራው ትንሽ ኮምፒውተር) ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሣል። የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ንድፉን ለሁሉም ክፍት ያደረገውን በመሰሉ ባለ ስድስት ጎማ ሮቨሮች ላይ ከሁሉ ይበልጥ ያጋጠመኝ ብልሽት ይህ ነው፤ ባለቤቶቹም ብዙውን ጊዜ የሚጠረጥሩት ፕሮግራሙን ነው። አንድ ወዳጄ ሁለት ሳምንት ኮዱን ሲያገላብጥና ሚሞሪ ካርድ ሲቀያይር ከርሞ ሲያመጣልኝ፣ ጥፋቱ የተገኘው ከባትሪው በሚወጣው ቀጭን ሽቦ ላይ ነበር።

መንሥኤው፦ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ የሚስበው ከረንት በነፃ ሲዞር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ ስድስቱ በአንድነት ሲነሡ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል። ራስፕቤሪ ፓይ ከ4.63 ቮልት ገደማ በታች ሲያገኝ ያስጠነቅቃል፤ ይበልጥ ሲወርድ ይጠፋል። ተራ መልቲሜትር ይህን ቅጽበት ስለማይዝ «5 ቮልት አነበብሁ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ለማረጋገጥ ግራውንዱን (የጋራውን የኔጋቲቭ መስመር) ሳትነጥሉ ኮምፒውተሩን ብቻ ከሌላ የኃይል ምንጭ አብሩት፤ ችግሩ ከጠፋ ምክንያቱ ታውቋል።

መፍትሄው፦ ለኮምፒውተሩ ከባትሪው ጫፍ በቀጥታ የሚነሣ፣ 5 አምፒር የሚችል የራሱ ቮልቴጅ መቀነሻ ስጡት። ከሞተር መቆጣጠሪያው 5 ቮልት እግር (ፒን) ፈጽሞ አታብሩት፤ ይህን ስናገር ሰለቸኝ፣ አሁንም ግን ተገናኝቶ አገኘዋለሁ። የባትሪውን ሽቦ አወፍሩ፤ በሞተር መቆጣጠሪያው መግቢያ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለቅጽበት አጠራቅሞ የሚሰጥ ዕቃ) ግጠሙ፤ የሚችለው ቮልቴጅ ከባትሪው በግልጽ የሚበልጥ ይሁን፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ ይፈነዳል። በፕሮግራሙም ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እንዲጨምር አድርጉ፤ አቅጣጫ ከመቀየሩ በፊትም ሞተሩ ይቁም። ኤል298ኤን የተባለው ርካሽ መቆጣጠሪያ 2 ቮልት ገደማ በሙቀት መልክ ስለሚያባክን ለዚህ ሥራ አይመጥንም።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይግባ፤ ያለ ፊውዝ የሊቲየም ባትሪ አታገናኙ። እያንዳንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች እንዲወርድም አትፍቀዱ።

አልፎ አልፎ ዘንጉ እየዞረ ጎማው ይቆማል፤ ማጥበቂያ ብሎኑ በዘንጉ ጠፍጣፋ ጎን ላይ አላረፈም ማለት ነው። ትንሽ ሲታዘዝ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ጎማ ካለ የኢንኮደሩን (የሞተሩን መዞር የሚለካውን ዕቃ) ሁለት የምልክት ሽቦዎች አቀያይሩ።