ትሉን አትግደሉት፦ በጨዋማ አኳሪየም የሚደጋገሙ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ ጨዋማ አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር ዓሣ የሚኖርበት የጨው ውኃ ገንዳ፣ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። ጥያቄያቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ድንጋዩ ሥር አባጨጓሬ የመሰለ ነገር አየን፤ በምን እንግደለው?» መልሴም አንድ ነው፦ አትግደሉት። ከኮራል (እንደ ድንጋይ የጠጠረ አካል የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ድንጋይ ጋር ተደብቆ የሚመጣው ይህ ባለፀጉር ትል ቀን ተሸሽጎ ይውልና ሌሊት ወጥቶ የተረፈ ምግብ፣ የዓሣ ኩስና የሞተ እንስሳ ይበላል። ማጣሪያው የማይደርስበትን ስንጥቅና አሸዋ የሚያጸዳልን እርሱ ነው።

መድኃኒት መጨመር። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በአንድ ሆቴል የአኳሪየሙ ተንከባካቢ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የበግ የትል ክኒን ገዝቶ፣ አድቅቆ ውኃው ውስጥ በተነው። ትሎቹ በእርግጥ ሞቱ፤ የሞቱት ግን እጅ በማይገባበት በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ነው። ሬሳቸው ሲበሰብስ ዓሣን የሚመርዘውን አሞኒያ ለቀቀ፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅኑን ጨረሱት። ስደርስ ውኃው ደፍርሶ፣ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ነበር፤ ቀንድ አውጣዎቹም አልተረፉም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን እባካችሁ አትርሱ! በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ውኃ በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው ኦክስጅን ሩብ ያህሉ ይጎድለዋል። ጨውና ሙቀት ደግሞ የቀረውን ይቀንሱታል። በዚህ ላይ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ፣ በጠረፍ ከተማ ዓሣ ሊተርፍበት የሚችለው ስህተት እዚህ ገንዳውን ባዶ ያደርጋል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ ዓሣ ከታመመ በሌላ ገንዳ ለይታችሁ አክሙት።

ድንጋዩን በቧንቧ ውኃ መዘፍዘፍ። ትሉ ይሞታል፤ አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎችም አብረው ይጎዳሉ።

ትሉን በነፍስ ግድያ መክሰስ። ማለዳ ላይ ትሎች የሞተ ዓሣ ከበው ስታዩ የገደሉት እነርሱ አይምሰላችሁ። የተለመደው ትል ጤነኛ ዓሣ አሳዶ አይዝም፤ የደረሰው ለሬሳው ነው። ይልቅ አሞኒያውን ለኩ፤ የውኃው ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ፣ የጨው መጠኑም በእፍጋት መለኪያ (ንጹሕ ውኃ 1.000 በሆነበት) 1.025 አካባቢ መሆኑን እዩ። የደሴ ሌሊት ብርድ ነው፤ ማሞቂያው ሳይሠራ አድሮ እንደሆነም መርምሩ።

ሲበዙ ትሎቹን ብቻ መልቀም። ትል የሚበዛው ምግብ ሲተርፍ ነው። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንግዳ ሁሉ ዳቦ የሚጥልበት ገንዳ ትል ቢያፈላ ምን ይደንቃል? ዓሦቹ በሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጡ፤ በሳምንታት ውስጥ ቁጥራቸው ራሱ ይወርዳል። እስከዚያው በጣም ከበዙባችሁ የፕላስቲክ ጠርሙስ በትንንሹ ብሱ፣ ቁራጭ ዓሣ አስገቡበት፣ መብራት ካጠፋችሁ በኋላ ከታች አስቀምጡና ሲነጋ አውጡት።

በባዶ እጅ መንካት። ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ጓንት አድርጉ፤ ከወጋችሁም አትሹት። ፕላስተር ለጥፋችሁ በመንጨት ፀጉሩን አውጡ፣ ከዚያ አቼቶ ቀቡት። እብጠቱ ከጨመረ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሁሉንም እንደ አንድ ማየት። ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ ተለመደው ቀጭን ትል ነው። በአትላንቲክና በሜዲትራኒያን ባሕር የሚገኘው ሄርሞዲስ ካሩንኩላታ ኮራል ይበላል፤ ወፍራም ነው፣ በነጩ ፀጉር ሥርም ቀያይ ዘለላዎች አሉት። ሌሊት ባትሪ ይዛችሁ ጠብቁ፤ ጤነኛ ኮራል ላይ ተጠምጥሞ ሲበላ ካገኛችሁት በረጅም ወረንጦ ያዙና አውጡት።