ሞተሩ እየጠፋ ለሚያስቸግራቸው ጀማሪ ነጂዎች፦ ችግርና መፍትሄ

ማርሽ ያለው መኪና ለመማር የሚመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከሚናገረው ሁሉ የሚያሳዝነኝ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» የሚለው ነው። ከጎን ወንበር ተቀምጬ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ያየሁት ግን ሌላ ነው። ተማሪው ራሱን የሚወቅስበት ጥፋት ብዙውን ጊዜ የልምምዱ አደራረግ ጥፋት ነው። እጅና እግር የሚማሩበት መንገድ ታሪክና ሒሳብ ከምንማርበት ይለያል።

ይህን በግልጽ ያሳየው ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ምክንያት አዲስ ነገር ማስታወስ ተሳነው። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ ተከትሎ እንዲስል ባደረገችው ጊዜ እጁ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ። እሱ ግን ያን ሥራ ከዚያ በፊት መሥራቱን አያስታውስም ነበር። እጁ የተማረውን እሱ ራሱ አላወቀም።

«ለመነሳት ስሞክር ሞተሩ ይጠፋል»

ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩን ከጎማዎቹ የሚያለያየውና የሚያገናኘው የግራ ፔዳል ነው። «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ» የተባለ ተማሪ ሐሳቡን ሁሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያደርጋል። ያን ጊዜ ጡንቻው ይደርቃል፤ የደረቀ እግር ደግሞ ቀስ ብሎ አይለቅም፣ ይስፈነጠራል። ጋብሪኤሌ ቩልፍ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ በበረዶ መንሸራተቻ መለማመጃ መሣሪያ ላይ ስለ እግራቸው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ይልቅ ስለ መሣሪያው ጎማዎች እንዲያስቡ የተነገራቸው የተሻለ ተምረዋል። ሐሳብ ከአካል ወጥቶ አካል በሚሠራው ነገር ላይ ሲያርፍ እንቅስቃሴው ይፈታል።

ስለዚህ ደልዳላ ሜዳ ላይ አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፤ የነዳጅ መስጫውን አይንኩ፤ የግራ ተረከዝዎ ወለሉ ላይ ይረፍ። ፍሪሲዮኑን እየለቀቁ ጆሮዎን ለሞተሩ ይስጡ። ድምፁ ሲወፍርና ወንበርዎ ትንሽ ሲነዝር ፍሪሲዮኑ መያዝ ጀምሯል ማለት ነው። እዚያው ያቆዩት፤ መኪናው መራመድ ሲጀምር መልሰው ይርገጡና በፍሬን ያቁሙ። ያለ ነዳጅ መነሳት የቻለ ሰው በነዳጅ ለመነሳት አይቸገርም። ዳገት ላይም ያው ድምፅ ነው የሚመራዎት፤ የእጅ ፍሬኑን የሚለቁት የሞተሩ ድምፅ ወፍሮ መኪናው ሲወጠር ነው።

«ትላንት ችዬ ነበር፣ ዛሬ ጠፋብኝ»

ይህን የሚለኝ ተማሪ ብዙ ነው፤ በሰፊው ማብራራት የሚያስፈልገኝም እዚህ ላይ ነው። ትላንት ምን እንዳደረገ ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፓርኪንግ ብቻ። በአሥራ አምስተኛው ሙከራ ያለ እንከን ገባ። ነገር ግን ያን ጊዜ መሪውን መቼ እንደሚያዞር ማሰብ አላስፈለገውም፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት ያደረገውን ደገመ እንጂ። ዛሬ ከባዶ መነሳት ሲኖርበት የሚያነሳው ነገር አጣ።

ሼይ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሳይተዋል። ሰዎች ሦስት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ሲማሩ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው የተሻገሩት በልምምዱ ወቅት ፈጣን ነበሩ። እያቀላቀሉ የተለማመዱት በልምምዱ ወቅት ቢንገዳገዱም፣ ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ በልጠው ተገኙ። በልምምድ ሰዓት የሚታየው ቅልጥፍናና የሚቀረው ችሎታ ለየቅል ናቸው። ይህን ያላወቀ አሰልጣኝ ተማሪውን በቅልጥፍናው እያስደሰተ ይጎዳዋል።

የሰዓቱም አከፋፈል እንዲሁ ነው። የእንግሊዝ የፖስታ ሠራተኞች የጽሕፈት መሣሪያ ሲማሩ በቀን አንድ ሰዓት የተለማመዱት፣ በቀን አራት ሰዓት ከተለማመዱት ባነሰ ጠቅላላ ሰዓት ሠለጠኑ። ሥልጠናው ብዙ ቀናት ስለወሰደባቸው ግን ደስተኞች አልነበሩም! የእኔም ተማሪዎች ቶሎ ለመጨረስ ሲሉ ሦስት ሰዓት በአንድ ላይ ይጠይቁኛል፤ የምሰጠው መልስ ግን «ነገም ተመልሰው ይምጡ» ነው። በመካከሉ ያለው የሌሊት እንቅልፍም የትምህርቱ ክፍል ነው፤ የተለማመዱት እንቅስቃሴ በእንቅልፍ ጊዜ ይጸናል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ፓርኪንግ፣ ከዚያ ዳገት፣ ከዚያ ማርሽ መቀያየር፣ ከዚያ እንደገና ፓርኪንግ ይሥሩ። ይከብዳል፤ የሚያስተምረውም ክብደቱ ነው።

«አሰልጣኙ ሲናገር እችላለሁ፣ ዝም ሲል ይጠፋኛል»

ይህ የእኛ የአሰልጣኞች ጥፋት ነው። «አሁን ፍሪሲዮን፣ አሁን ማርሽ» እያልን ስናጅብ ተማሪው ሞተሩን ሳይሆን እኛን ማዳመጥ ይለምዳል። አደጋ ካላሰጋ በስተቀር አሰልጣኙ ሙከራው እስኪያልቅ ዝም ይበል፤ ከዚያም በቅድሚያ ይጠይቅ፦ «ሞተሩ ለምን የጠፋ ይመስልዎታል?» ተማሪው ከመለሰ በኋላ ማረም ይቻላል። አሰልጣኝዎ ዝም የማይል ከሆነ በአክብሮት ይጠይቁት፤ መብትዎ ነው።

«ለሁለት ሳምንት ምንም አልጨመርኩም»

ብራያን እና ሃርተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የቴሌግራፍ ሠራተኞችን ሲያጠኑ እንዲህ ያለ ቆም ማለት አይተዋል። ቀላሉን ሥራ ማብዛት አይጠቅምም፤ አንድ ነገር ያክብዱ። ሜዳውን ትተው ከአሰልጣኝዎ ጋር ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ይሞክሩ።

«ግራ እግሬ ያለቦታው ይረግጣል»

ማርሽ የለመደ ሰው ፍሪሲዮን ወደሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ሲዛወር ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ፍለጋ ፍሬኑን በኃይል ይረግጣል። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ ይህን ደጋግሜ እያየሁ ነው። ሥር የሰደደ ልምድ በምክር አይነቀልም። ግራ እግርዎን ወደ ወንበሩ ስብስብ አድርገው ከፔዳሎቹ ያርቁት፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባዶ ሜዳ ላይ ይንዱ።

«በፈተና ቀን እጄ ይተሳሰራል»

የሚያስተሳስረው ድንጋጤው ብቻ አይደለም። የፈራ ሰው ለወራት በራሱ ሲሠራ የኖረውን እንቅስቃሴ እንደገና እያሰበ ለመቆጣጠር ይሞክራል፤ ማለትም ወደ መጀመሪያው ቀን ይመለሳል። ከፈተናው በፊት የማያውቁት ሰው ከኋላ ተቀምጦ እየተመለከተዎት ይለማመዱ። በዕለቱም የሞተሩን ድምፅ ብቻ ይያዙ።

«ሁሉንም ሞክሬ አሁንም አልሆነም»

እንግዲያውስ መኪናውን ይመርምሩ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ሲረግጡ ጉልበትዎ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ከሆነ ወንበሩ ርቋል። ጫማዎ ወፍራም ሶል ካለው ይለውጡት። አንዲት ተማሪዬን ለአንድ ወር ያህል «ትኩረት የለሽም» እያልኩ አስለቅሻታለሁ። ሌላ መኪና ላይ ባስቀመጥኳት ዕለት በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። የቀድሞው መኪና ፍሪሲዮን ተበልቶ ኖሮ የሚይዘው ፔዳሉ ተለቆ ሊያልቅ ሲል ነበር። በማግስቱ መኪናውን ጋራዥ አስገባሁ፤ እሷንም ይቅርታ ጠየቅሁ።