ሳህኑ ሳይደርቅ፦ በተጓዥ ፎቶ አንሺዎች ዘዴ ቲንታይፕ ማንሳት

ቲንታይፕ በብረት ሳህን ላይ በቀጥታ የሚወጣ ፎቶ ነው። በ1850ዎቹ የተነሱት ተጓዥ ፎቶ አንሺዎች ጨለማ ክፍላቸውን በጋሪና በድንኳን ይዘው የሚዞሩት ወደው አልነበረም። ኮሎዲየን (የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ ስስ ሽፋን የሚሆን ፈሳሽ) የተቀባ ሳህን የሚሠራው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ከመቀባት እስከ ማጠብ 10 ደቂቃ ቢገኝ ነው፤ በሙቀት ደግሞ ያጥራል። ስለዚህ ተነሺው ሳይቀመጥና ፎከሱ ሳይስተካከል ጠርሙሱን አይክፈቱ።

ስሙ ቲን ቢልም ሳህኑ ጥቁር ቀለም የተቀባ ስስ ብረት ነው። አንዱን ማዕዘን ይዘው መሃሉ ላይ ኮሎዲየን ያፍስሱ፤ በየማዕዘኑ አዳርሰው ትርፉን በመጨረሻው ማዕዘን ወደ ጠርሙሱ ይመልሱ። ሲያንጠፈጥፉ ሳህኑን ካላወዛወዙት ሽፋኑ መስመር በመስመር ይሆናል። ኮሎዲየን ውስጥ ኢተር ስላለ አጠገቡ እሳት አይኑር።

ትርፉ በወረደበት ማዕዘን ሲነኩት አሻራ ይዞ ጣት ላይ ካልተጣበቀ፣ በቀይ መብራት ሳህኑን ብርሃን እንዲቀበል ወደሚያደርገው ሲልቨር ናይትሬት (የብር ጨው) ይግባ፤ በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ 9 ግራም ገደማ፣ ለ3 ወይም 4 ደቂቃ። ሲያወጡት ፈሳሹ እንደ ቅባት ከተንጠባጠበ ይመልሱት። ፈሳሹ እጅን ያጠቁራል፣ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር ግዴታ ነው።

ሳህኑን በካሜራ ውስጥ ለብርሃን ለማጋለጥ በደማቅ ጥላ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል። ጭንቅላት ከኋላ በብረት መደገፊያ ይያዝ። ዓይን ማርገብገብ ብዙም አይታይም፤ የሚያበላሸው መወዛወዝ ነው። ኮሎዲየን የሚያየው ሰማያዊን ስለሆነ ቀይ ልብስ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

አብዛኛው ሳህን የሚበላሸው ማውጫው (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ላይ ነው። 350 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 15 ግራም ፌረስ ሰልፌት፣ 14 ሚሊ ሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ፣ 18 ሚሊ ሊትር አልኮል ይቀላቀሉ። ከጠርዙ ጀምረው ሳያቋርጡ በአንድ ጊዜ ያልብሱት፤ አንድ ቦታ ላይ ከደፉት ብሩን ያጥበዋል፣ እዚያ ነጠብጣብ ይቀራል። 15 ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ የፊቱ ግራጫ ገና ሲጀምር፣ ውሃ ያፍስሱበት። «ትንሽ ልጨምር» ያለ ጭጋግ ያተርፋል።

ከዚያ 20 በመቶ ሃይፖ (ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ምስሉን የሚያጸናው ፈሳሽ)። ወተት የመሰለው ሰማያዊ ሽፋን እየሟሸሸ ጥቁሩ ብቅ ይላል። የጥንቶቹ ፈጣኑን ፖታሲየም ሳይናይድ ይመርጡ ነበር፤ አሲድ ሲነካው ገዳይ ጋዝ ስለሚያወጣ ይተዉት። በደንብ አጥበው፣ ሳህኑን ለብ አድርገው የሳንዳራክ (የዛፍ ሙጫ) ቫርኒሽ ይቀቡ።

ምስሉ እንደ መስታወት ግራ ቀኙ የተገለበጠ ነው። ተነሺው ቀለበቱ በግራ እጁ እንዲታይ ከፈለገ፣ ሳህኑ ሳይቀባ ወደ ቀኝ ያዛውረው።